የሚነዝር ሻወር፣ የሚወድቅ ብሬከር፦ ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን እዩ

ሰው ሲደውልልኝ ንግግሩ ከሁለት በአንዱ ነው የሚጀምረው። ወይ "ሻወሩ ይነዝረናል" ነው፣ ወይ "ሻወር ሲከፈት ቤቱ ድርግም ይላል" ነው። ገና ሳልመልስ ደግሞ ይቀጥላሉ፦ "ለመሆኑ የቱ ሻወር ነው ጥሩ? ልንቀይረው ነው።" ቆይ፣ አትቀይሩት። ለሻወር ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ ጥፋተኛው ሻወሩ አልነበረም፤ የቀጠነ ገመድ፣ የላላ መጋጠሚያ፣ ወይም ጭራሽ ያልተዘረጋ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስደው የደኅንነት ገመድ) ነበር። ገመዱን እንዳለ ትቶ ሻወሩን ብቻ የሚቀይር ሰው ያንኑ ችግር በአዲስ ካርቶን ገዝቶ ይገባል።

ኤሌክትሪሻን ነኝ፤ ተግባረ ዕድ ተምሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት የምሠራ። በር ከፍተው ከኋላዬ ሌላ ሰው እየፈለጉ "እህቴ፣ ኤሌክትሪሻኑስ?" የሚሉኝ ደንበኞች ዛሬም አሉ። የመሣሪያ ቦርሳዬን መሬት ሳስቀምጥ ነገሩ ይገባቸዋል። ገመድ መዘርጋቱንና የብሬከር ሳጥን መክፈቱን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ተዉት። እኔ እዚህ የምነግራችሁ ባለሙያው ቤታችሁ ሲመጣ ምን እንደምትጠይቁት፣ የሠራው ልክ መሆኑን በምን እንደምታውቁ፣ ችግር ሲመጣ ደግሞ ምኑን ራሳችሁ መፈተሽ እንደምትችሉ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ብታካፍሉ የሚስበውን አምፒር ታገኛላችሁ። 5500 ዋት የሚል የኤሌክትሪክ ሻወር 25 አምፒር ይስባል። 3500 ዋት የሚለው 16 ገደማ። 1500 ዋት ቦይለር 7 እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው ቦይለሩ ግዙፍ ስለሆነ እሱን ይፈራል፤ ሦስት እጥፍ በላይ የሚስበው ግን ያቺ በአንድ እጅ የምትያዘው የፕላስቲክ ሻወር ናት። ቦይለር ቀስ ብሎ አሙቆ ያስቀምጣል። የኤሌክትሪክ ሻወር ግን ውሃው በውስጡ ሲያልፍ በዚያችው ቅጽበት ማሞቅ ስላለበት ኃይሉን ሁሉ በአንዴ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ገመዱ። ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ገመድ ነው (ቁጥሩ የመዳቡ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው)፣ 10 አምፒር ብሬከር ይበቃዋል። ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ነው፣ ከ16 አምፒር ብሬከር ጋር። እንግዲህ 25 አምፒር የሚጠይቀውን ሻወር ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ካለው ሶኬት ስባችሁ ስትሰቅሉት ምን እንደሚሆን አስቡት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ብሬከሩ ይወድቃል። ብሬከሩ ሥራውን ነው የሠራው። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ሰው ይጠራና "ብሬከሩ ደክሟል" ብሎ 16ቱን አውጥቶ 32 ያስገባል። ከዚያ ወዲያ አይወድቅም፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ገመዱ ግን ያው ባለ 2.5 ነው፤ ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ነው፣ የሚያስቆመው የለም። የድሮ ፊውዝ ባለበት ቤት ደግሞ በፊውዝ ሽቦው ፋንታ ከገመድ የተመዘዘ መዳብ ጠምዝዘው ያገኘሁባቸው ጊዜያት አሉ። እሱማ ያው ብሬከር የለም ማለት ነው።

ለ5500 ዋት ሻወር የማዝዘው ባለ 6 ገመድና 32 አምፒር ብሬከር ነው። ለ3500 ዋት ባለ 4 ገመድና 20 አምፒር ብሬከር ይበቃል። 7500 ዋት የሚል ሻወር ካያችሁ ዋጋው ቢያጓጓችሁም እለፉት፤ 34 አምፒር ይስባል፣ ባለ 10 ገመድ ይፈልጋል፣ ያን የሚሸከም መስመር ከምሰሶ ወደ ግቢያቸው የገባላቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው። ምጣዱንም አትርሱ። የእንጀራ ምጣድ እንደ ስፋቱ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ገደማ ይወስዳል። እናት ጓዳ ምጣድ አስምታ ልጅ ሻወር ከገባ ሁለቱ ብቻ 40 አምፒር ይጠጋሉ። አንዳንዱ የካርድ ቆጣሪ እንዲህ ሲጫን ራሱን ይዘጋል፤ ካርድ ያለቀ መስሏችሁ ልትሞሉ ትሮጣላችሁ። ስለዚህ በአንድ ቤት ምጣድና የኤሌክትሪክ ሻወር ካለ ቅዳሜ ጠዋት ተራ መያዝ ግድ ነው።

አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ "ሻወር ገብተን ትንሽ ስንቆይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል" ብለው ጠሩኝ። ሻወሩን ፈትተው አይተውታል፣ ምንም አልሆነም። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ከመታጠቢያ ቤቱ በር በላይ ያለውን ስካቶላ፣ ማለትም የገመድ መጋጠሚያ ሳጥኑን፣ ከፈትኩ። ክዳኑ በውስጥ በኩል ቡኒ ሆኗል። ውስጡ ሁለት ገመድ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ፕላስተሩ ቀልጦ እንደ ከረሜላ ደርቋል፣ ስነካው ተሰባብሮ እጄ ላይ ቀረ። የገመዱ ልባስ ከመጋጠሚያው አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ መዳቡ ጠቁሮ ወደ ሐምራዊ ሄዷል። በፒንሳ ስይዘው አንዱ ሽቦ ከሌላው ሳይሳብ ወጣ። ሻወሩ ይሠራ የነበረው በዚያ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መጋጠሚያ ሲላላ በዚያች ቦታ ትንሽ ተቃውሞ ይፈጠራል። አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ብትሆን እንኳ 25 አምፒር ሲያልፍባት 62 ዋት ሙቀት ትፈጥራለች፤ የድሮዋ ባለ 60 አምፖል ተዘግታ ስካቶላ ውስጥ በራች ማለት ነው። መዳቡ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ በየሻወሩ ትንሽ ትንሽ ይላላል። ብሬከር ይህን አያይም፤ የሚያልፈው አምፒር ያው 25 ነውና። የሚያየው አፍንጫችሁ ብቻ ነው። የፕላስቲክ ሽታ፣ የሚሞቅ ማብሪያ፣ ዙሪያው የጠቆረ ሶኬት፣ ሻወር ሲከፈት ጭር ጭር የሚል ድምፅ፤ ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ማጥፋት ነው፣ "እስኪ ትንሽ ልታጠብና" የለም።

ስለዚህ የሻወር መስመር ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ሻወሩ መሃሉ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት። መጋጠሚያ ግድ ከሆነ በእጅ ጥምዝና በፕላስተር አይሆንም፤ ለገመዱ ውፍረት ልክ የሆነ፣ በብሎን የሚጠብቅ ኮኔክተር ይገባል፣ እሱም ክፍት ሆኖ ሊታይ በሚችል ስካቶላ ውስጥ።

ገመድ ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ እዚህ ላይ ገበያው ጨዋ አይደለም። መርካቶ በጥቅልል የሚሸጠው ሁሉ የተጻፈበትን አይደለም። ሁለት ዓይነት ማታለያ አለ። አንደኛው ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ነው፤ ጫፉን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ነጭ ከወጣ መልሱት። ስታነሱትም ከመዳቡ ይቀላል። ሁለተኛው እውነተኛ መዳብ ሆኖ ከተጻፈው የቀጠነ ነው። ትክክለኛ ባለ 2.5 አንድ ወጥ ሽቦ ከሆነ ውፍረቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ባለ 4 ደግሞ 2.25። ባለ 6 ብዙውን ጊዜ ሰባት ሽቦ ሆኖ ይመጣል፣ እያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ካሊፐር ይዛችሁ ግቡ። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረባችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሥራው ሲሠራ እንዲህ መሆን አለበት። ከብሬከር ሳጥኑ ለሻወር ብቻ የተለየ ብሬከር፤ ሌላ ሶኬትም መብራትም እሱ ላይ አይንጠለጠልም። ከዚያ ሦስት ገመድ በቱቦ ውስጥ፦ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው)፣ ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ ኧርዝ። ኧርዙ ቢጫና አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ኒውትራሉ ሰማያዊ፣ ፌዙ ቡኒ ወይም ቀይ። በድሮ ቤቶች ቀለም አትመኑ። ጥቁሩ ፌዝ ሆኖ፣ ሰማያዊው ደግሞ የማብሪያ መመለሻ ሆኖ በየቀኑ አገኛለሁ፤ ስለዚህ ሳይለኩ መንካት የለም።

ማብሪያው ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ፣ በር አጠገብ ይሁን። ፌዝንም ኒውትራልንም በአንዴ የሚቆርጥ መሆን አለበት። ገበያ ላይ የተለመደችው ቀይ መብራት ያላት "የቦይለር ማብሪያ" ጀርባዋ ላይ 20 አምፒር ተብሎ የተጻፈባት ናት። ለቦይለር ጥሩ ናት፣ ለ25 አምፒር ሻወር ግን አትሆንም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ፊቷ ቢጫ ይሆንና ስትነኳት ትሞቃለች። 32 ወይም 45 አምፒር የሚለውን ፈልጉ። ሻወሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሶኬትና ፕለግ አይገባም። የቤት ፕለግ ከ16 አምፒር በላይ አይችልም፣ የውሃ እንፋሎት በሚሞላበት ክፍልም ቦታ የለውም። ገመዱ በቀጥታ በሸክላ ኮኔክተር ይታሰራል፤ ፕላስቲኩ ስለሚቀልጥ ሸክላውን ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ኧርዝ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

እማማ አሉ፣ ጉለሌ አካባቢ ክፍሎች የሚያከራዩ። የተከራዮቹ ሻወር ቧንቧው ስትነካው ይነዝራል። "ልጄ፣ ትንሽ ነው እኮ የሚነዝረው፤ ነጠላ ጫማ አድርገው ሲገቡ ምንም አይሉም" አሉኝ። ነጠላ ጫማ! ይህ ምክር በስንቱ ፔንሲዮን በር ላይ በቃል ይነገራል። እግር ላይ ላስቲክ ቢኖርም ግድግዳው እርጥብ ነው፣ የፍሳሽ ቱቦው ብረት ሊሆን ይችላል፣ ሌላኛው እጅ የበሩን እጀታ ይይዛል። ትንሽ መንዘር ማለት ደግሞ ትንሽ አደጋ ማለት አይደለም። ዛሬ እጃችሁ ደረቅ ስለነበር ትንሽ ነዘረ፤ ነገ በሳሙና ረጥባችሁ ስትይዙት ያው ቧንቧ አይለቅም። ለእማማ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፣ ሥራውም በዚያው ሳምንት ተሠራ።

መንዘሩ ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ሻወሮች ውስጥ የሚሞቀው ሽቦ ውሃውን በቀጥታ ይነካል። ስለዚህ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ያለ ነገር ነው፤ ሻወሩ የተሠራውም ያ ፍሳሽ በኧርዝ በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ ታስቦ ነው። አረንጓዴዋ ሽቦ ተቆርጣ ወይም ተጠቅልላ ከተተወች መሄጃው እናንተ ትሆናላችሁ። አዲስ ሻወር ሰቅለው ያቺን ሦስተኛ ሽቦ "ምንም አታደርግም" ብለው በፒንሳ የሚቆርጧት ሠራተኞች አሉ። ቤታችሁ ቆሞ የሚቆርጣት ካያችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ቤቱ ኧርዝ የለውም፣ ደንበኛው "ኧርዝ አድርግልኝ" ይላል፣ ሠራተኛው አጭሯን መንገድ ይመርጣል፦ ኧርዙን ከኒውትራሉ ጋር እዚያው ሻወር ቤት ውስጥ በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። መንዘሩ ወዲያው ይቆማል፤ ገንዘብ ይቀበላል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ወደ ሻወር የሚመጣው ኒውትራል የሆነ ቦታ ላይ ይላቀቃል። ያኔ ፌዙ በሚሞቀው ሽቦ በኩል አልፎ መመለሻ ሲያጣ በዚያች አጭር ሽቦ ወደ ሻወሩ ብረትና ወደ ውሃው ይመጣል፤ ሙሉ 220 ቮልት። ሻወሩ አይሞቅም፣ "ምን ሆነ?" ብሎ እጁን የሚዘረጋውን ሰው ነው የሚጠብቀው። ምሰሶ ላይ መስመር ሲጠገን ፌዝና ኒውትራል ቦታ ከተለዋወጡም ውጤቱ ያው ነው። አዲስ ቤት ስትከራዩ ወይም ስትገዙ ባለሙያው የሶኬቶቹንና የሻወሩን ጀርባ ከፍቶ ያቺ አጭር ሽቦ እንደሌለች ያሳያችሁ።

ትክክለኛው ኧርዝ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ነው፤ መዳብ ወይም መዳብ የለበሰ ብረት፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ እርጥበት የማይለየው ቦታ ላይ። የጥቁር አፈር ሰፈር ከሆናችሁ ይህን እወቁ፦ አፈሩ ክረምት ላይ እርጥብና ጥሩ ነው፣ በጋ ሲሆን ግን ተሰነጣጥቆ ዘንጉን ይለቀዋል። በሐምሌ የተለካ ኧርዝ በመጋቢት ያው አይደለም። ጠለቅ ማድረግ፣ ወይም ሁለት ዘንግ ተራርቆ ቀብሮ ማገናኘት ይሻላል። የድሮ ሰው ኧርዙን ከውሃ ቧንቧ ጋር ያስር ነበር። አሁን የግቢው ቧንቧ ግማሹ ፕላስቲክ ስለሆነ ያ መንገድ መሬት አይደርስም፤ የጎረቤትን ቧንቧ መንዘር ብቻ ነው ትርፉ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ዘንግ መቅበር አትችሉም። ባለሙያው የሕንፃው የጋራ ኧርዝ ወደ እናንተ ሳጥን መድረሱን ይለካ፤ ታች ቆጣሪዎቹ ያሉበት ቦታ ላይ ተቆርጦ ወይም መዳቡ ተሰርቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ኧርዝ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጥሩ የሚባል የቤት ኧርዝ 10 ኦም ቢሆን፣ ፌዝ ብረቱን ሲነካ የሚያልፈው 220 ለ10 ሲካፈል 22 አምፒር ነው። ብሬከራችሁ 32 ነው። አይወድቅም! ብረቱ ፌዝ ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ነው አርሲዲ የሚባለው፣ አንዳንዱ ሱቅ ሊኬጅ ብሬከር የሚለው፣ አብሮ የሚገባው። እሱ በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን አምፒር ያመሳክራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፒር ሳይደርስ ወይም ሲደርስ በሰከንድ ቁራጭ ይቆርጣል። 30 ሚሊ አምፒር ከ32 አምፒር ከሺህ እጅ ያንሳል። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ እናንተን የሚጠብቃችሁ አርሲዲው ነው። ኧርዝ በሌለበት ቤትም ይሠራል፣ ልዩነቱ የሚቆርጠው ሰው ከነካው በኋላ መሆኑ ነው። ስትገዙ ሁለት ቁጥር አንብቡ፦ 30 ሚሊ አምፒር የሚለውንና አምፒሩን፣ ለሻወር 40 ውሰዱ። 100 ወይም 300 ሚሊ አምፒር የሚለው ለእሳት መከላከያ እንጂ ለሰው አይሆንም። ፊቱ ላይ ቲ የተጻፈባት ቁልፍ አለች፤ በወር አንዴ ተጫኑት፣ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ሞቷል፣ ይቀየር።

አርሲዲ ካስገባችሁ በኋላ ሻወር ሲከፈት ሁሌ የሚወድቅ ከሆነ አርሲዲውን አትሳደቡት፣ እሱን አስወጥታችሁም አትገላገሉ። ፍሳሽ አግኝቷል። የሻወሩ ሽቦ ውሃውን በቀጥታ የሚነካ ዓይነት ከሆነ ከአርሲዲ ጋር የማይስማማበት ጊዜ አለና ሲገዙ ሽቦው የተሸፈነውን መጠየቅ ነው።

አሁን ራሳችሁ ልትፈትሹት ወደምትችሉት እንምጣ። "ሻወሩ አያሞቅም" የሚለው ቅሬታ ግማሹ ብልሽት አይደለም። ሰዓቱን እዩ። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ 180 ቮልት ላይ 5500 ዋቱ ሻወር 3700 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ጠዋት የሚያቃጥል ማታ ለብ ቢል ሻወሩ ጤነኛ ነው። ውሃውንም እዩ። 5500 ዋት የአዲስ አበባን ቀዝቃዛ ውሃ በ20 ዲግሪ ከፍ ማድረግ የሚችለው በደቂቃ አራት ሊትር ያህል ነው፤ ቧንቧውን ባሰፋችሁ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ገፍቶ የማይመጣ ውሃ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። ሻወሩ ውስጥ በውሃ ግፊት የሚያያዝ ማብሪያ ስላለ ሮቶው ከሻወሩ ብዙ ከፍ ካላለ "ጠቅ" አይልም፣ ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ይወርዳል። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ አሸዋና ዝገት ይዞ ይመጣልና ዋናውን አጥፍታችሁ መግቢያው ላይ ያለችውን ወንፊት አውጥታችሁ እጠቧት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ በሷ ያልቃል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልሞቀ ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል። መልቲሜትር ያለው ሰው ዋናውን አጥፍቶ፣ ገመዶቹን ፈትቶ ይለካ፦ 5500 ዋቱ 9 ኦም ገደማ፣ 1500 ዋት ቦይለር 32 ኦም ገደማ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ሄዷል።

ብሬከር ሲወድቅ የወደቀበትን ጊዜ አስተውሉ። ገና ስታነሱት ጣ ብሎ የሚወድቅ ከሆነ ሾርት አለ፤ ደጋግማችሁ አታንሱት። ሩብ ሰዓት ቆይቶ የሚወድቅ ከሆነ ጭነት በዝቷል ወይም የብሬከሩ ብሎን ላልቷል። የቱ ዕቃ እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ፣ ትንንሾቹን ብሬከሮች ሁሉ አውርዱ፣ ዋናውን አንሱ፣ ከዚያ አንድ አንዱን እያነሳችሁ ጠብቁ። የሚጥለው ላይ ስትደርሱ ያንን አውርዳችሁ ተዉትና ሌላውን ተጠቀሙ። ክረምት ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ኮርኒስ ውስጥ ወይም ውጭ ግድግዳ ላይ ውሃ የገባበት መጋጠሚያ አለ። የቆርቆሮ ጣሪያ ወይም የብረት በር ሲነዝር ደግሞ ዋናውን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ነው፤ ገመድ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር ተፋትጎ ተልጧል።

ቴስተር፣ ያቺ መብራት ያላት ካቻቢቴ፣ በየቤቱ አለች። የምትናገረው ግን ትንሽ ነው፤ ስላልበራች "ፌዝ የለም" ብላችሁ እጃችሁን አታስገቡ። አንድ ጥሩ ነገር ግን ታሳያለች። ዕቃ ተሰክቶ እያለ መብራት ከጠፋና ሶኬቱ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ከበራች ኒውትራል ተቆርጧል ማለት ነው።

ኒውትራል የተቆረጠው ምሰሶ ላይ ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው። ምልክቱ፦ አንዱ አምፖል ከወትሮው ነጭ ሆኖ ይደምቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል፤ ፍሪጅ ያጓራል፣ አንድ ነገር ስታጠፉ ሌላው ይበልጥ ይደምቃል። ሦስቱ ፌዝ የሚመሠርቱት 380 ቮልት በሰፈሩ ቤቶች መካከል ባልተስተካከለ መንገድ እየተከፋፈለ ነው፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚቃጠለው በዚያች ደቂቃ ነው። አትመርምሩ። ሮጣችሁ ዋናውን ጣሉ፣ ለጎረቤት ጩኹ፣ 905 ደውሉ። ከቆጣሪ ወደ ምሰሶ ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ እኔም ብትጠሩኝ አልነካውም።

ስለ ቦይለር አጭር። 1500 እና 2000 ዋት ስለሆነ ባለ 2.5 ገመድና 16 አምፒር ብሬከር ይበቃዋል፣ ግን እሱም የራሱ መስመርና ኧርዝ ይኑረው። ሲገባ መጀመሪያ ውሃ ይሞላ፣ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ተጠብቆ ከዚያ ይብራ፤ ባዶውን ካበራችሁት ሽቦው በደቂቃዎች ይሄዳል። ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩ ወደ ኋላ እንዳይፈስ መግቢያው ላይ ያለችው የደኅንነት ቫልቭ ትይዘዋለች። እሷ አንዳንዴ ጠብ ጠብ ማለቷ የጤና ነው፤ ጠብታው አስጠላን ብላችሁ አፏን እንዳትደፍኑ፣ ቦይለሩ የሚተነፍሰው በሷ ነው።

ሰው ኤሌክትሪክ ይዞት ብታገኙ በእጅ አትሳቡት። መጀመሪያ ዋናውን ጣሉ። ካልተቻለ ደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ወንበር ይዛችሁ ከሚይዘው ነገር አላቁት። ካልተነፈሰ ደረቱን እየተጫናችሁ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 አስደውሉ፤ እሳት ከተነሳ አዲስ አበባ ውስጥ 939። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ አይረጭም።

ሥራው አለቀ ሲባል ከመክፈላችሁ በፊት ሻወሩ በሙሉ ኃይል ሩብ ሰዓት ይሥራ። ከዚያ የማብሪያውን ፊትና የብሬከሩን ፊት በእጅ ጀርባ ንኩ፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ የላላ ብሎን አለ። አርሲዲውን ፊታችሁ ቲ ብሎ ይጣለው። የትኛው ብሬከር የምን እንደሆነ ሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ቱቦው የሄደበትን ፎቶ አንሱት፤ መስታወት ለመስቀል በድሪል ስትበሱ ይፈለጋል።